ሲሮጡ መታጠቅ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፤
ይህችን ከተማ ግን ማን ቁሚ ይላታል?
«ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅሽን አትጠቢ፣
ለሾርባሽ በረዶ ከደጅ ሰብስቢ፣
እኛ ቧንቧ ቀይረን እስክንጨርስ ድረስ»
ብሎ ማን ደፍሮ ይናገራል?

ከቪስቱላ ዳርቻ፣ ከቀይ ጡብ ቤት ውስጥ
አራት የአሸዋ አልጋ፣ ወንዝ የሚተኛበት፣
ጭቃውን አራግፎ ጠርቶ የሚነሳበት።
አንዱ ለእድሳት ሲነሳ ሦስቱ ይጨነቃሉ፣
የአራተኛውን ወንዝ ተሸክመው ያድራሉ።

ግራዢና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌሊት ተረኛ፣
በድምፁ ብቻ ትለያለች የታመመ ፓምፕ ከጤነኛ።
«ጫማ ነው የምንሰፋው» ትላለች፣ «ባለቤቱ እየሮጠበት፣
እኛም መርፌና ክር ይዘን ከኋላው እየሮጥንለት።»

ዕቅዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዋናው መስመር ይዘጋል፣
እስከ አሥራ አንድ አዲሱ ይገጠማል፣
ማማው ላይ ያለው ውሃ ለአራት ሰዓት ይበቃል።
ይበቃል አለ ወረቀቱ።
ወረቀት አይጠማም።

ከተማው ተኝቷል ያለ ተሳስቷል፤
ዳቦ ጋጋሪው ቦጉሚል ሊጡን ያቦካል፤
ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደም የሚያጥበው መሣሪያ
ከአንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ክንድ ጋር ታስሮ
ውሃ ይጠጣል፣ ያለ እረፍት ይጠጣል።
አንድ ሕፃን ነቅቶ «ውሃ!» ይላል በጨለማ፤
አባት እያዛጋ ይከፍታል፣ ይቀዳል፤
ከቧንቧው ማዶ ያለውን አያውቅም።
ለምን ይወቅ?

ቁጥር ሦስት መዝጊያ፣ የጦርነቱ ዘመን ብረት።
ሌሼክ ቁልፉን ጨብጦ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለ፤
አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ግማሽ... ቀጥ አለ።
አልተዘጋም። አልተከፈተም።
ከዝገቱ ጋር እንደተማማለ መሃል ላይ ቀረ።

ማማው፦ ስድስት ሜትር። አምስት ተኩል። አምስት።
ኢንጂነሩ ሥዕሉን ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ፤
ሥዕሉ ላይ ዝገት የለበትም።

ስልክ። ከቤተ ሙከራ፣ ሄንሪካ ናት፦
«አልጋ ሁለት ደፍርሷል፣ ጭነቱ በዝቶበት።»
ስልኩ ጠራ፣
ደግሞ ጠራ፣
ሦስተኛም ጠራ፤
ውሃው ግን አልጠራም።

ግራዢና አልጮኸችም። ጓንቷን አወለቀች፣
ጆሮዋን ከቀዝቃዛው ብረት አስጠጋች፣
በትንሽ መዶሻ ቀስ፣ ቀስ አድርጋ መታች፣
ደጅ እንደሚያንኳኳ፣ የተኛ እንደማይቀሰቅስ።
ሟቹ አለቃዋ ኮርኔል ይላት ነበር፦
«ይህቺ ፍየል ናት፤ ወደ ኋላ ካልሰጧት ወደፊት አትሄድም።»
«መልሰው» አለችው ሌሼክን፤ «ግማሽ ዙር መልሰው።»
«ልንዘጋው እኮ ነው!»
«መልሰው።»

መለሰው። ብረቱ አቃሰተ፣ ቀይ አቧራ ተፋ፣
ከዚያ በኋላ ዞረ፤ ዞረ፤ ዞሮ ዞሮ ተዘጋ።
ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል።

የቀረውን እጅ ነው የሚያስታውሰው፦
ሰማያዊ ነበልባል በውርጩ ውስጥ፣
አሥራ ስድስት ብሎን፣ አንዱ በረዶ ላይ ወድቆ
በጥርስ መብራት ይዘው ሲፈልጉት፣
የክሎሪን ሽታ፣ የሄንሪካ ጠርሙሶች፣
ማማው፦ ሁለት ሜትር። አንድ ከሰማንያ።

አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ሲቀረው አዲሱ ቧንቧ አስታወከ፤
መጀመሪያ ቡናማ፣
ቀጥሎ ነጭ፣
ከዚያ ምንም፤
ያ ምንም የማይመስለው፣ ያ ውድ ቀለም።

ስልኩ ደግሞ ጠራ። አንድ ሽማግሌ፦
«የወጥ ቤቴ ቧንቧ አሳለ። ምን እየሠራችሁ ነው?»
«ጉሮሮውን እየጠረገ ነው፤ ያልፍለታል።»
«ሌሊቱን ሙሉ ተኝታችሁ ነው እንጂ!»
«ደህና ይደሩ፣ አባቴ» አለች፤ ነግቶ ነበር።

ለነገ ማታ አልጋ ሁለት፣ ከዚያ አልጋ አራት፤
ገና ሃያ ሦስት ሌሊት ይቀራል።
አሮጌው መዝጊያ በር ማስደገፊያ ሆኗል።
ተረቱን የሚነግራት የለም፤ ቢነግሯትም ያው ነው፣
ቀበቶዋን አላልታ፣ እንደገና አጥብቃ፣
ከአዲሱ ቧንቧ ቀድታ ሻይ አፈላች።
«ብረት ብረት ይላል» አለች፤
ደግማ ጠጣች።